አልገባሁም

ሚያዝያ ሊጋመስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
የሌናን በረዶ ጠርዝ ጠርዙን ውሃ ሲያጠቁረው፣
ካማዜን አቆምኩኝ ከማስታወቂያው ስር፤
«ከአምስት ቶን በላይ ክልክል» ይላል፣ የተመታ በሚስማር።
የኔ ስምንት ነው።

ከጀርባዬ ፒያኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር አብሮኝ አድሮ አብሮኝ ውሎ።
ማዶ ትምህርት ቤት አለ፤ መምህርቷ ሳርዳና
ፒያኖው እንዲገባ በሩን አስፍታለች፣ ብርዱ ሳያልፍ ገና።
ግቤ ያ ነው፤ ወንዙ መሃል ነው፤
ሁለት ኪሎ ሜትር ዝም ያለ ነጭ ነው።

ረዳቴ ኡይባን ወርዶ በብረት ዘንግ መታው፣
ጆሮውን አስጠጋ፣ የታመመ ደረት እንደሚያዳምጥ ሰው።
«ምን ይላል?» አልኩት። «ያጉረመርማል» አለ።
«ሁሌም ያጉረመርማል» ስለው፣ «አዎ» አለ።
እንዲህ ነው ኡይባን፤ ሲፈራ አይናገር፣ ሲደፍር አይናገር፤
ከሱ ምክር መጠበቅ ከድንጋይ ጋር መማከር።

ደብተሬን አወጣሁ፣ የነዳጅ የምጽፍበትን፣
በመስመር ለሁለት ከፈልኩት አንዱን ገጽ፣ ባዶውን፤
በቀኝ «ልሂድ»፣ በግራ «ልቅር» ብዬ ጻፍኩኝ፣
ቀኙ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ግራው ባዶ ሆነብኝ፦
ትናንት ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ዘጠኝ፤
ብዙ ሰው ተሻግሯል፤ እኔም ሃያ ዓመት ነዳሁኝ፤
ቃል ሰጥቻለሁ፤ ገንዘቡም ግማሹ እጄ ገብቷል፤
ዛሬ ያልሄደ ፒያኖ ከሰኔ በፊት መች ይሄዳል?

ኋላ ጽሕፈቴን አየሁት፤ የቀኙ ፊደል ያምራል፣
ቀጥ ብሎ ተሰድሯል፤ የግራው ግን ተንጋዷል።
ያን ጊዜ ነቃሁ፦ ዳኛው ፈርዶ ኖሯል በማለዳ፣
ምስክር የሚቆጠረው ለወጉ ነው፣ ለእንግዳ።
ሐሳብ ያልኩት ሒሳብ ነው፣ መልሱ ቀድሞ የተጻፈ፣
እጄ ወደ ኋላ ሄዶ ቁጥሩን ያጣጣፈ።

«ንስር ከወጣ ልሂድ፣ ቁጥር ከወጣ ልመለስ»
ብዬ ሳንቲም ወረወርኩ፤ ጓንቴ ላይ ወደቀች፣ ጫፏን መታው ነፋስ።
ንስር ነበረ።
ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር፣ ገመዱ እንደተበጠሰ ባልዲ፣ ወረደ።
እጄ «ሂድ» ብሎ ጽፏል፣ ሆዴ «ተው» ብሎኛል፤
ከሁለቱ እኔ ማን ነኝ? ማንስ መሪውን ይዟል?

አዞርኩት።
ኡይባን አላመሰገነኝም፣ አልነቀፈኝም፤ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳ።

ጠዋት ወሬ መጣ፤ ኬስኪል፣ ከኔ ሁለት ቶን የከበደ፣
በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መንገድ፣ እያፏጨ ነድቶ ሄደ።
በረዶው ቻለው።
«አይታል ለዘንግ ድምፅ በረገገ!» ሻይ ቤቱ ሙሉ ተንጫጫ፤
እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ብርጭቆዬ ግን በእጄ ተንጫጫ።

ተሳስቼ ነበር? ኬስኪልስ ልክ ነበር?
ወይስ እሱ ደርሶ ተሳሳተ፣ እኔ ልክ ሆኜ ልቅር?
ሆዴንም አላምነውም፤ ያን ዕለት ቁርስ አልበላ፤
ረሃቡን ፍርሃት ብሎ ተርጉሞልኝ ይሆን ኋላ?
ውሳኔ ወሰን ነው፤ አሰመርክ፣ ወዲህ ቀረህ፤
ወዲያ የተሻገረው አንተ፣ ሰምጦ ይሁን ደርሶ፣ ደብዳቤ አይጽፍልህ።

ሰኔ ላይ ፒያኖው በጀልባ ተሻገረ።
ሳርዳና ክዳኑን ከፈተች፤ እርጥበት ገብቶት ኖሮ፣
ከመሃል አንዲት ቁልፍ ብትነካ ዝም አለች፣ እንደ በግ ጆሮ።
ልጆቹ ያቺን ቁልፍ «የአይታል» ይሏታል፤
ዜማው እዚያ ሲደርስ በአፋቸው ይሞሏታል።

ዛሬ ኅዳር ነው፤ ወንዙ ለብሷል አዲስ ቆዳ፤
ጭነቴ መስታወት ነው፣ ያው መንደር፣ ያው ማዶ፣ ያው ዕዳ።
ደብተሬን ገለጥኩ፤ መስመሩ አለ፣ ሁለቱም በኩል ነጭ ነው።
ኡይባን ዘንጉን ይዞ ወርዶ ይመታል፣ ያደምጣል፣ ይመታል፤
ቀና ብሎ «ገባህ?» ይለኛል።
ስለ ድምፁ ይሁን ስለ በረዶው አልጠየቅኩትም።
«ገና» አልኩት፣ «ድገመው።»